ብርቅ አሮጌ ቲዩብ ወይስ የአምፑ ሆድ ዕቃ? እቤት ለተሠራ የሄድፎን አምፕ ገንዘቡ የት ይግባ?

«ቲዩቡን ልቀይረው እንዴ?»

ይህችን ጥያቄ በስልክም በአካልም ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጠያቂው ይለያያል፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። ሰውየው ኪት ገዝቶ ወይም ከሰርኪት ሥዕል ተነስቶ የቲዩብ (ድምፅ የሚያጎላ የድሮ ዓይነት ብርጭቆ) ሄድፎን አምፕ ይሠራል፤ አምፕ ማለት የድምፅ ማጉያ ነው። መጀመሪያ ሲያበራው እጁ ይንቀጠቀጣል። አምፑ ግን ይሠራል። ሁለት ሳምንት በደስታ ያዳምጣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እጁ አላርፍ ይላል። የሆነ ቦታ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ቲዩብ ፎቶ ያያል፤ ብርጭቆው ላይ ወርቅማ ጽሑፍ አለበት። አለቀለት።

እኔም አልቆልኝ ነበር። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ንጽጽሩ በሁለት መንገዶች መካከል ነው። አንደኛው አምፑን ሳይከፍቱ ቲዩቡን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። ሁለተኛው ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን መንካት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪኩን የሚያዘጋጀውን)፣ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን)፣ የቮልዩም ፖቱን (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን)። ከአሁኑ ልናገር፣ ገለልተኛ አይደለሁም። የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። አንደኛው ላይ የከሰርኩትን ስታዩ ለምን እንደምል ይገባችኋል።

የገንዘብ ስም አልጠራም። ዋጋ እንደየቦታው ይለያያል፣ ከወር ወርም ይዘላል። ይልቅ እንዲህ እናድርግ። ለአምፑ ዕቃ በሙሉ፣ ከትራንስፎርመሩ እስከ መጨረሻዋ ብሎን፣ ያወጣሁትን 100 እንበለው። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዋጋ ሁሉ ከዚያ 100 አንጻር ነው። 16 ካልኩ የአምፑን 16 በመቶ ማለቴ ነው። ዋጋ ላይ ትንሽ አመል አለብኝ። ደረሰኝ የማጠራቅምበት የጫማ ካርቶን ሁሉ አለኝ።

አምፔ ብዙ ሰው የሚሠራው ዓይነት ነው። አንድ 12ኤዩ7 (ኢሲሲ82ም ይባላል) ድምፁን ያጎላል፣ አንድ 6080 ሄድፎኑን ይነዳል። የውጤት ትራንስፎርመር የለውም፤ ድምፁ የሚወጣው በካፓሲተር በኩል ነው። ቦትልሄድ ክራክ የሚባለውን ኪት የምታውቁ ካላችሁ የሱ ዘመድ ነው።

መጀመሪያ ሄድፎናችሁን እዩ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሄድፎናችሁ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) እንደሆነ እወቁ። ይሄ በነጻ ነው። ብዙ ገንዘብም ያድናል።

እንዲህ ያለ አምፕ የራሱ የመውጫ ኢምፔዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካ ውስጣዊ ተቃውሞ አለው። ከ6080 ጋር 120 ኦም አካባቢ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ለአምፑና ለሄድፎኑ ይከፋፈላል። ባለ 300 ኦም ሄድፎን፣ ለምሳሌ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ወይም ኤችዲ 650፣ 71 በመቶውን ያገኛል። ባለ 32 ኦም ግን 21 በመቶ ብቻ። ሌላውን አምፑ ራሱ ይውጠዋል።

ድምፁ የሚወጣበት የውጤት ካፓሲተርም አለ። 100 ማይክሮፋራድ ከሆነ፣ ከ300 ኦም ጋር (የአምፑን 120 ደምሮ) እስከ 4 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል። ከ32 ኦም ጋር ግን 10 ኸርዝ ላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ወርዷል። በጣም ዝቅተኛው ቤዝ ትንሽ ይሳሳል።

አንድ ጓደኛዬ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 ገዛ። ሄድፎኑ ባለ 32፣ ባለ 250 እና ባለ 600 ኦም ሆኖ ይሸጣል። እሱ ካርቶኑን ሳያይ 32ቱን አነሳ። ከዚያ «ቤዝ እንዲመጣ» ብሎ ሦስት ጊዜ ቲዩብ ቀየረ። 40 ያህል አወጣ። ቤዙ ከየት ይምጣ? አብዛኛውን አምፑ ራሱ እየዋጠው። ባለ 32 ኦም ሄድፎን ካላችሁ ይህን አምፕ ለማሻሻል አትድከሙ፤ ፊቱ ቲዩብ፣ ኋላው ትራንዚስተር የሆነ ሃይብሪድ ሥሩ። ፔት ሚሌት «ስታርቪንግ ስቱደንት» ብሎ የነደፈው አምፕ እንዲህ ነበር። 19ጄ6 የሚባለውን ቲዩብ የመረጠው ማንም ስለማይፈልገው፣ ርካሽ ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ አምፑን መሥራት ሲጀምር ቲዩቡ ጠፋ፣ ዋጋውም ወጣ። የዚህ ሙያ ነገር እንዲህ ነው።

በነገራችን ላይ «የቲዩብ ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለው ነገር ግማሹ ከዚሁ ሒሳብ የሚመጣ ይመስለኛል። የኤችዲ 650 ኢምፔዳንስ ሁልጊዜ 300 ኦም አይደለም። ቤዙ አካባቢ ወደ 500 ይጠጋል። አምፑ 120 ኦም ሲሆን እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ በ1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ጆሮ ይህንን «ሞቀ» ይለዋል። አምፑ ላይ የፈለጋችሁትን ብርጭቆ ብትሰኩ ይህ ሙቀት አብሯችሁ ነው።

62ቱ እንዴት ተበላ

አሁን ወደ ቁስሌ።

አንድ ሻጭ አሮጌ 12ኤዩ7 «ማችድ ፔር» (እርስ በርስ የተመጣጠኑ ጥንድ) አለኝ አለ። ካርቶኑ ወይቧል። ብርጭቆው ላይ ታዋቂ የጀርመን ስም ተጽፏል። የመለኪያ ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፣ ሁለቱም እኩል። ዋጋው 62። የአምፑን ከግማሽ በላይ! ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሦስተኛው ቀን ላይ ላኩለት።

የመጀመሪያው ሞኝነቴ «ፔር» መግዛቴ ነው። ይህን በደንብ ስሙኝ። 12ኤዩ7 አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ፣ ማለትም ሁለት የማጉያ ክፍል ነው። በኔ ዓይነት አምፕ አንዱ ግማሽ ለግራ፣ ሌላው ግማሽ ለቀኝ ይሠራል። የሚያስፈልገኝ አንድ ቲዩብ ነው፤ እሱም ሁለት ግማሾቹ እርስ በርስ የተመጣጠኑ። ሁለት ቲዩብ እርስ በርስ ቢመጣጠኑ ለኔ ምን ይጠቅመኛል? 6080ውም እንዲሁ ነው። «ማችድ ፔር» ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ እንዲህ ላለ አምፕ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ሻጩን «የአንዱ ቲዩብ ሁለት ግማሾች ስንት ስንት ለኩ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሂዱ።

ሁለተኛው ሞኝነቴ ጽሑፉን ማመኔ ነው። ሲደርሰኝ ሰካሁት። የግራው ድምፅ ከቀኙ ያንሳል። ፕሌቶቹን (የጎላው ድምፅ የሚወጣባቸውን የቲዩቡን ብረቶች) ስለካ ልዩነታቸው 20 ቮልት። «እኩል» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የሆነ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው። ከዚያ ገልብጬ አየሁት። ቴሌፉንከን ኡልም ውስጥ የሠራቸው 12ኤዩ7 እና ዘመዶቹ እግሮቻቸው መካከል፣ ብርጭቆው ውስጥ የተቀረጸች የአልማዝ ቅርጽ አለቻቸው። የኔዎቹ የላቸውም። ፎርጅድ። ስያሜው ተፍቆ በላዩ አዲስ የታተመበት የሆነ ተራ ቲዩብ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «ጽሑፉን በጣትህ ፈተግ አድርገው፣ ከለቀቀ ፎርጅድ ነው» ይባላል። ውሸት ነው። የኦርጅናሎቹም ቀለም ይለቃል፤ አንዳንዶቹ ገና በጣት ሲነኩ ይጠፋሉ። ቀለም በየትኛውም በኩል ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ብርጭቆውና ውስጡ ያለው ብረት ነው። የፕሌቶቹ ርዝመትና ቀለም፣ የጌተሩ ቅርጽ፣ ብርጭቆው ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ኮድ፣ እነዚህን ከታወቀ ኦርጅናል ጋር አስተያዩ። አናቱ ላይ ያለው መስታወት የመሰለ ብርማ ነገር ነጭ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበታል፤ ሞቷል፣ ማንም ይሥራው ማን።

ሻጩ? መልስ አልሰጠም። ገንዘቡም አልተመለሰም።

ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ከኔ ብሶ ጥሩ ኢሲሲ88 ገዛ። ኦርጅናል ነው፣ በዚያ አልተሸወደም። «ዘጠኝ እግር ነው፣ ይገባል» ብሎ ነው። መግባቱንስ ይገባል። ግን በ6.3 ቮልት ለ12ኤዩ7 በተሠራ ሶኬት ላይ 4ኛና 5ኛ እግር አንድ ላይ ተያይዘዋል፣ የሂተሩ (ቲዩቡን የሚያሞቀው ሽቦ) ሌላ ጫፍ 9ኛው ነው። ኢሲሲ88 ደግሞ ሂተሩ በ4 እና በ5 መካከል ነው። ስለዚህ ሂተሩ ሁለቱ ጫፎቹ ተያይዘው ቀዝቅዞ ተቀመጠ። «ቲዩቡ ሞቶ መጣ» ብሎ ሊመልሰው ሲል ነው የደረስኩበት። ቲዩቡ ጤነኛ ነበር።

ሂተር ላይ ሳለን፣ «ተለዋጭ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እኩል ከረንት አይጠጣም። 12ኤዩ7 በ6.3 ቮልት 300 ሚሊአምፒር ይወስዳል። 5814ኤ 350 ነው፣ ምንም አይል። ኢ80ሲሲ ግን 600! 6080 ብቻውን 2.5 አምፒር እየበላ፣ ትራንስፎርመራችሁ ለ3 አምፒር የተጠመጠመ ከሆነ ከገደቡ አለፋችሁ። ትራንስፎርመሩ በዚያው ቀን አይቃጠልም። ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ ቀስ ብሎ ያረጃል። የኔ ትራንስፎርመር ዋጋው 24 ነበር። በቲዩብ ምክንያት የምገዛው አይደለም።

ሆድ ዕቃው

አሁን ሁለተኛውን መንገድ ላሳያችሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር። እዚህ ውስጥ 200 ቮልት አለ፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ። ሶኬቱን ብትነቅሉም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። እኔ አንዴ ክርኔን ከጠረጴዛ ጋር አጋጭቶኝ ያውቃል፣ ያውም ከነቀልኩት ከአሥር ደቂቃ በኋላ። ማራገፊያ ሬዚስተሩ ብየዳው ለቅቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መልቲሜተሩ «ዜሮ» ሳይለኝ እጄን አላስገባም። አንዱን እጅም ኪስ ውስጥ።

በነጻ ከሚሠራው እንጀምር። ሄድፎናችሁ ውስጥ ጉርምርምታ አለ? ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉት። ከጠፋ ችግሩ ከመግቢያው በኩል ነው፤ ገመዱን፣ ግራውንዱን (የሰርኪቱን የጋራ ዜሮ ነጥብ) እዩ። ካልጠፋ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ለዩት። ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ጭናችሁ 50 እና 100 ኸርዝ አስሙት (መብራታችሁ ባለ 60 ኸርዝ ከሆነ 60 እና 120)። ወፍራም፣ ለስላሳ 50 ከሆነ ከሂተር ሽቦ፣ ከግራውንድ ወይም ከትራንስፎርመሩ መግነጢስ ነው። ሻከር ያለ 100 ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ በደንብ አልተጣራም። የሂተር ሽቦዎችን አጥብቆ እርስ በርስ መጠምዘዝ፣ ግራውንዱን አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ፣ ይሄ ዋጋው ዜሮ ነው። 62 አውጥቼ ከሰማሁት ለውጥ ይበልጣል። ይበልጣል ሳይሆን፣ አይወዳደርም።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ። የኔ መጀመሪያ ካፓሲተር፣ 270 ኦም ሬዚስተር፣ ካፓሲተር ነበር። ሒሳቡን ብትሠሩት ያ ሬዚስተር ከ100 ማይክሮፋራድ ጋር ሆኖ የ100 ኸርዙን ሞገድ በ17 እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል። በሬዚስተሩ ፋንታ 10 ሄንሪ ቾክ (ብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ) ብታስገቡ ወደ 400 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ቾክ 15 ከፈልኩ። ከባድ ነው፣ ደስ ይላል፣ የድሮ ሬዲዮ ይመስላል። ሳበራው አዲስ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ መጣ! ትራንስፎርመሩ አጠገብ ስላስቀመጥኩት መግነጢሱን እየለቀመ ነው። በ90 ዲግሪ ሳዞረው ቀነሰ፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሻሲዬ (የአምፑ ሳጥን) ጠባብ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ ቾክ ሳሽከረክር አነጋሁ።

በመጨረሻ አወጣሁትና አንድ ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት)፣ ሁለት ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ያለው ማባዣ ሰርኪት ገጠምኩ፤ ትንሹን ካፓሲተር እንደ ትልቅ እንዲያጣራ ያደርገዋል። ዋጋው 3 ነው። ጆሮዬ እስኪያመኝ ሄድፎኑን ብጫነው ምንም የለም፤ ጸጥ። ጉድለቱ አንድ ነው። መለኪያዬ አዳልጦኝ ሾርት ካደረግኩ ሞስፌቱ ይሞታል፣ ያውም በቅጽበት። ሁለቴ ገድያለሁ። ቾክ እንዲህ አይሞትም። ግን በቾኩ ዋጋ 5 ማባዣ ይሠራል፤ እኔ መለዋወጫ ሞስፌት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ተኛሁ። ቾኩ አሁን ወረቀት እንዳይበር ይጫናል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን ከረንት ሶርስ ነው። የከረንቱን መጠን ቋሚ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ የትራንዚስተር ሰርኪት ነው። ቦትልሄድ ለክራክ «ስፒድቦል» ብሎ የሚሸጠው ተጨማሪ ነገር በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። የ12ኤዩ7 ፕሌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 22 ኪሎ ኦም ያህል ሬዚስተር ይቀመጣል። የቲዩቡ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ይጠጋል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ካለው ቆሻሻ ሲሶ የሚሆነው ሰተት ብሎ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል። ያን ሬዚስተር አውጥታችሁ ከረንት ሶርስ ብትተኩ፣ የሱ ሬዚስታንስ በሜጋ ኦም የሚቆጠር ስለሆነ የሚያልፈው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ቲዩቡም ከረንቱ ስለማይዋዥቅበት ሳይዛባ ይሠራል። ያው ርካሽ ቲዩብ። ዋጋው 7 የሆነው አዲስ ቲዩብ።

ከ6080 በታች ያሉትን ትልልቅ ሬዚስተሮችም እንዲሁ ተካኋቸው። ለሁለቱም ቻናል፣ ለሁለቱም ደረጃ፣ ከነማቀዝቀዣ ብረቱ 5 አወጣሁ። አንድ ሾርባ እንደጠጣ ሰው ላበኝ እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመኝም ብል ውሸት ነው። 6080 ሥር ያለው ትራንዚስተር ከ3 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ ብረት ላይ መታሰር አለበት። የትራንዚስተሩ ጀርባ ባዶ አይደለም፣ ቮልቴጅ አለበት። ማይካ ወይም ሲሊኮን ሳላስገባ በቀጥታ ሻሲው ላይ አሰርኩት። ፊውዙ ጧ አለ። ፊውዝ ባይኖር ኖሮ ትራንስፎርመሩ ነበር ጧ የሚለው።

ካፓሲተርና ፖት፣ የፎርጅድ አገር

የውጤት ካፓሲተር ላይ ሰዎች ያብዳሉ። 100 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር ሁለት ስትገዙ 38 ይሆናል። መጠኑም የጠርሙስ ያህል ነው፤ ሻሲ ውስጥ አይገባም። እኔ የገዛሁት ደህና ባለ 105 ዲግሪ ኤሌክትሮላይቲክ ነው፣ ሁለቱ 3። በጭፍን ሳዳምጥ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ሌላ ሰው ይችል ይሆናል። 35 ከፍሎ የሚችል ከሆነ እሰየው።

ግን ኤሌክትሮላይቲክ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። በመጀመሪያ ዙር የገዛኋቸው «470 ማይክሮፋራድ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ስለካቸው 190። አንዱን በመጋዝ ቀደድኩት። ውስጡ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር ተቀምጧል፣ እንደ ሕፃን በአባቱ ጫማ። ዋጋቸው 1 ብቻ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንዱ አብጦ ፈነዳ፤ ኤሌክትሮላይቱ ቦርዱን በላው፣ ብየዳ የሚይዝባቸው ክቦች ተነሱ። ለጥገናው 9 ወጣ፤ ያውም የሁለት ቅዳሜ ጉልበቴን ሳልቆጥር። አሁን ካፓሲተር ሲመጣ መጀመሪያ እመዝነዋለሁ። ከታወቀ ኦርጅናል ጋር ተመሳሳይ መጠን ሆኖ በጣም ከቀለለ አልሰካውም።

ፖቱም እንዲሁ። ሰማያዊው አልፕስ አርኬ27 ጥሩ ፖት ነው፤ ለዚህ ነው ዓለም ሁሉ የሚያስመስለው። ፎርጅዱ 4፣ ኦርጅናሉ 16። 4ቱን ገዛሁ፣ መቼስ። ዝቅ ባለ ድምፅ ዘፋኟ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ትሄዳለች። ቮልዩም ስጨምር ወደ መሃል ትመለሳለች። ፖት ስትገዙ እንደዚህ ሞክሩ። ሁለቱን ክፍሎች በመልቲሜተር ለኩ፣ ሩብ ዙር ላይ፣ ግማሽ ላይ፣ ሦስት ሩብ ላይ። በተለይ መጀመሪያው ሩብ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ መልሱት።

ባለ ደረጃ አቴንዌተርም አለ፣ በቋሚ ሬዚስተሮች የተሠራ የቮልዩም መቆጣጠሪያ። 35 ነው። ቻናሎቹን ልክክ ያደርጋል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። ቮልዩማችሁ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሩብ ላይ ከሆነ አምፑ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ እያጎላ ነው። 100 ኪሎ ኦም ፖት ካላችሁ ከሱ በፊት በየቻናሉ አንድ 300 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ። ድምፁ በ12 ዴሲቤል ይወርዳል። ፖቱ መሃል ላይ ይሠራል፤ እዚያ ደግሞ ርካሹም ቢሆን ይመጣጠናል። ዋጋው? ሁለት ሬዚስተር። ካርቶኔ ውስጥ ደረሰኝ እንኳን የለውም።

ሌላም የሁለት ሬዚስተር ሥራ አለ። ከውጤት ካፓሲተሩ በኋላ ወደ ግራውንድ የሚሄድ ሬዚስተር ከሌለ፣ ሄድፎን ስትሰኩ ካፓሲተሩ በሄድፎናችሁ በኩል ነው የሚሞላው። ያ «ዷ» የሚል ድምፅ እሱ ነው። ከሄድፎኑ የሚረክሰው ሬዚስተሩ ነው።

ቲዩብ የሚያሸንፍበት ጊዜ

ፍትሐዊ ልሁን። ቲዩብ መቀየር የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

አንደኛ፣ ያለው ቲዩብ ከታመመ። ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ወይም በእርሳስ ጀርባ ኳ ስታደርጉት ሄድፎኑ ውስጥ እንደ ደወል የሚያቃጭል ከሆነ ቀይሩት። ግን በአዲስ ምርት ቀይሩት። ስሎቫኪያ ውስጥ ጄጄ ይሠራል፣ ሩሲያና ቻይናም ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ወደ ውጭ የሚላኩ ዕቃዎችን ስታግድ ቲዩብም አብሮ ተነካና ዋጋው ዘለለ። ቢሆንም አዲስ 12ኤዩ7 በ7 ታገኛላችሁ፤ መመለስ ብትፈልጉም የሚቀበላችሁ ሻጭ አለ።

ሁለተኛ፣ 5998። ይሄኛው የስም ጉዳይ አይደለም። 6080 የማጉያ ቁጥሩ 2 ነው፣ የ5998 ከ5 በላይ። የመውጫ ኢምፔዳንሱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በመልቲሜተርም በጆሮም የሚታይ ለውጥ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው፣ 70። ያውም ኦርጅናል ከሆነ። የሚያስቀው፣ 6080 ራሱ መጀመሪያ የተሠራው ለሙዚቃ አይደለም፤ ለፓወር ሰፕላይ መቆጣጠሪያ ነው። ለዚህ ነው ሲወለድ ርካሽ የነበረው።

ሦስተኛ፣ 200 ቮልት የሚያስፈራችሁ ከሆነ። ይሄ አያሳፍርም። ክዳኑን አትክፈቱ። አንድ ደህና አዲስ ቲዩብ ግዙና እዚያው አቁሙ።

ከዚህ ውጭ ግን ሒሳቡን እዩት። ከረንት ሶርስ 5፣ የሞስፌት ማባዣ 3፣ ለፓወር ሰፕላዩ ደህና ካፓሲተሮች 6፣ የውጤት ካፓሲተሮች 3፣ ኦርጅናል ፖት 16፣ ሬዚስተርና ቁርጥራጭ 1። ድምር 34። ለሁለት ፎርጅድ ብርጭቆ ካወጣሁት ከግማሹ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ሁሉን በአንዴ አትሥሩ ደግሞ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሳምንት አዳምጡ፣ ከዚያ ሌላውን። አምስት ነገር በአንድ ሌሊት ቀይሮ «አይሠራም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ላይ ስልኬን አላነሳም። እሺ፣ አነሳለሁ፤ ግን እየተነጫነጭኩ።

ያ ባለ ኢሲሲ88ቱ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት አምፑን ይዞ መጣ። ጉርምርምታ አለው። 50 ኸርዝ። የሂተር ሽቦዎቹ ሳይጠመዘዙ ከመግቢያው ገመድ ጋር ጎን ለጎን ተኝተዋል። አወጣናቸው፣ ጠመዘዝናቸው፣ በሻሲው ጥግ ጥግ አስኬድናቸው። አርባ ደቂቃ። ሄድፎኑን ጭኖ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዝም አለ። ወጪው ዜሮ።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። «አንድ 5998 አግኝቻለሁ፣ ማችድ ፔር ነው ይላል፣ ምን ትላለህ?»